የማዳም ወርቅዬ ወገብ

«ይቺኛዋ ወገቧ አልቋል። ወገብ ያላት ፈልጊልኝ» ትላለች ወርቅዬ በስልክ፣ መኝታ ቤቷ ውስጥ ክሊማው ቀዝቃዛ አየር እየነፋባት፣ በሩ ገርበብ ብሎ። በለጡ ከበሩ ውጪ ነበረች። ተንበርክካ ወለል ትወለውል ስለነበር ጆሮዋ ከቁልፉ ቀዳዳ ጋር እኩል ሆኖ ነው እንጂ ልስማ ብላ አልነበረም። ስልኩ ውስጥ ያለችው ሀኪማ የምትባል ደላላ ናት፤ ወደ የመን ለመሻገር መጥተው መንገድ ላይ የቀሩትን ልጃገረዶች ከከተማው ዳር፣ ከባልባላ ሰፈር እየለቀመች ለየቤቱ በሠራተኝነት የምታስገባ። ወርቅዬ ሴትዮዋን በዓይኗ አይታት አታውቅም። ሠራተኛም፣ ሽቶም፣ አንሶላም የምታስመጣው በስልክ ነው። «ኧረ ክፉ አይደለችም፣ ዘመዴ ናት። ግን ይኸው አንድ ጀሪካን ውሃ ለሁለት ከፍላ ነው የምታወጣው፤ ወለሉን እንኳ ተንበርክካ ሆኗል የምትወለውለው። ለክረምቱ አዲስ አበባ ስሄድ ይዣት እሄድና እዚያው እተዋታለሁ» አለች። በለጡ ጨርቁን ጨመቀችው። እንዲህ የሚደረገው ድመት ነው፤ ከረጢት ውስጥ ይከቱና ከወንዝ ማዶ ጥለው ይመለሳሉ። ድመት እንኳ አንዳንዴ መንገዱን ታውቃለች። በለጡ አዲስ አበባ ላይ የምታውቀው አንድም በር አልነበራትም፤ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የኖረችው ጅቡቲ፣ ካርቲየ 5 ሰፈር፣ እዚህ ቤት፣ ከወጥ ቤቱ አጠገብ ባለችው መተላለፊያ ላይ ነው።

ወርቅዬ ወገቧን ያማታል፤ ሐሰት አይደለም። ጠዋት ከአልጋ ስትወርድ ያማታል፣ ከሰዓት ከሶፋ ስትነሳ ያማታል፣ ማታ ባሏ ዓብዱልጀሊል ሲገባ ብሶ ያማታል። ሐኪሙ ራጅ አስነሥቷት ሲያበቃ የተሰበረ ነገር የለም፣ የበዛው መተኛቱ ነው አላት። እሷ ግን ሙቀቱ ሲገባ አቅም ያለው ሁሉ ጅቡቲን ጥሎ እንደሚወጣ ታያለችና፣ ለወገብ የአዲስ አበባ ፍልውሃ ፍቱን ነው ብላ የባሏ መሥሪያ ቤት እንዲያሳክማት ጠየቀች። መሥሪያ ቤቱም እሺ አለ፤ ነገር ግን መጀመሪያ የሰፈሩ ጤና ጣቢያ በአማርኛ የሚሰጠውን የወገብ ትምህርት ስድስቱንም ሐሙስ ተምራ ወረቀቱን ታምጣ ተባለ። ወርቅዬ አንድ ቀን ሙሉ አሰበችበት። መብራት ልትከፍል ወረፋ የምታስይዛት በለጡን ነው። የማትወደው ሰው ሲሞት ሄዳ እንድታለቅስላት የምትልካትም በለጡን ነው። «ትምህርት አይደል? የሚፈለገው ጆሮ ነው» አለቻት። «ያንቺ ጆሮ ከኔ ጆሮ በምን ይለያል? አንድ ደም ነን።» የጤና ጣቢያው ካርድ ፎቶ የለበትም። ድሪ የሚባለውን ስስ ረዥም ቀሚስና አንድ ሻሽ አዋሰቻት፣ ሦስተኛ ክፍል በተማረችው ፊደል «ወርቅዬ» ብላ መፈረም እንድትለማመድ የድሮ ካላንደር ጀርባ ሰጠቻት፣ ላከቻት።

እንግዲህ በለጡ አምስት ሐሙስ ሙሉ ወርቅዬ ሆና ተማረች። ስትመለስ ወርቅዬ ሶፋው ላይ ተጋድማ፣ አንድ ዓይኗን ቴሌቪዥኑ ላይ አድርጋ፣ የተማረችውን ታስነግራታለች። በቀን ሃያ ደቂቃ በእግር መሄድ ታዟል ስትላት «እንግዲያ ሂጂልኝ» አለቻት። በለጡም በየማታው ሰፈሩን ሁለቴ ዞራ ትገባለች።

«ዛሬ ሄድኩ?» ትላታለች ወርቅዬ።

«ሄደሻል።»

«አላበኝም?»

«በጣም አልቦሻል።»

«ይኸው፣ ለውጡማ አለ» ትላለች ወርቅዬ፣ ትራሷን እያስተካከለች። የሚገርመው ለውጡ ነበረ። ከሦስተኛው ሐሙስ ወዲህ የበለጡ ወገብ፣ ስንት ዓመት እንደ ዛገ መቀርቀሪያ ሲንቋቋ የኖረው፣ ማታ ማታ ያስተኛት ጀመር። እንደተማረችው ውሃውን ከፍላ አወጣች፣ ለመወልወል ተንበረከከች፣ የጋዙን ሲሊንደር ብቻዋን ላለማንሳት የጎረቤት ሰው ጠራች። ወርቅዬ ይህን ሁሉ አየችና የበለጡ ወገብ አልቋል አለች።

ስድስተኛው ሐሙስ ዛሬ ነበር። በለጡ ጠዋት ከበሩ ውጪ የሰማችውን ይዛ፣ ድሪዋን ለብሳ ወጣች። ነፋሱ ከምድጃ አፍ የሚወጣ ይመስላል። ቁራዎቹ እንኳ አፋቸውን ከፍተው የግድግዳ ጥላ ይሻማሉ። መንገዱን ሁሉ ስታወጣ ስታወርድ ሄደች፦ ለነርሷ እውነቱን ብትናገር ወረቀቱ ይቀራል፣ ወረቀቱ ከቀረ ወርቅዬ ዛሬውኑ ታባርራታለች። ዝም ብላ ወረቀቱን ብትወስድላት ደግሞ ወርቅዬ ለክረምቱ ትሄዳለች፣ እሷም ትጣላለች። በየትኛውም በኩል ቢሄዱበት የሚያደርሰው ደጅ ነው። ጤና ጣቢያው አንዲት ክፍል፣ ስምንት የፕላስቲክ ወንበርና በሽቦ የተንጠለጠለ የፕላስቲክ አከርካሪ ነበረው። አስተማሪዋ ነርስ ኡሙልኸይር የድሬዳዋ ልጅ ናት፤ ቀጭን፣ ባለ መነጽር፣ ስትናደድ አማርኛዋ ላይ ሱማሊኛውም ፈረንሳይኛውም የሚንጠባጠብ። የወደብ ተሸካሚዎችና የከባድ መኪና ሹፌሮች ናቸው ተማሪዎቹ፤ ዛሬም ጉዲና የሚባለው ባለ ተሳቢው ሹፌር እንደ ልማዱ ሊከራከር ከፊት ተቀምጧል።

«ሲስተር፣ ረዥም ሰዓት አትቀመጥ ካልሽኝ መኪናውን ማን ይንዳልኝ?»

«ስትነዳማ ተቀመጥ አቦ! ወደብ ላይ ተሰልፈህ ስምንት ቀን ስትጠብቅስ? ጋቢና ውስጥ እንደ ሳምቡሳ ታጥፈህ የምትቅመው ለምንድነው? ወርደህ ተንቀሳቀስ።»

«ብወርድ ወረፋዬን ይወስዱታላ።»

«ወገብህን ከሚወስዱት ይውሰዱት!»

ከዚያ የአሸዋ ከረጢት አምጥታ መሬት ላይ ጣለችና «ማዳም ወርቅዬ፣ አሳዪያቸው እስቲ እንዴት እንደሚነሳ፣ ነይ» አለች። በለጡ እንደ ሁልጊዜው ማን እንደተጠራ ለማየት ዞር ብላ ነው የተነሳችው። እግሯን ከፈት፣ ጉልበቷን አጠፍ፣ ጀርባዋን ቀጥ አድርጋ ከረጢቱን ሆዷ ላይ ለጥፋ አነሳችው፤ ስትዞርም በእግሯ እንጂ በወገቧ አልዞረችም። ጉዲና አጨበጨበ። «ማዳም ነው የምትሏት? ይቺ ሴትዮ ወደብ ብትመጣ እኛ ሥራ እንፈታለን» አለ። ኡሙልኸይር የበለጡን መዳፍ ያዘች፤ በረኪና የበላው፣ እንደ ደረቀ ኩሬ የተሰነጣጠቀ መዳፍ። ባለጸጋ ሆና በእጇ መሥራትን የማትንቅ ሴት ይቺን ብቻ ነው ያየሁት ብላ ለክፍሉ ሁሉ ተናገረች። ቀጥላም፣ ወረቀት የሚሰጠው የአንድ ተማሪ ቤት ታይቶ ነውና ዛሬ አሥር ሰዓት እሷ ዘንድ እንደምትመጣ፣ ቤቱ ለወገብ ምን ያህል እንደተመቸ በዓይኗ ልታይ እንደምትፈልግ አስታወቀች። በለጡ እሺ አለች። ሌላ ምን ልትል ትችላለች?

ወርቅዬ ይህን ስትሰማ ከሶፋው ላይ እንደ ወጣት ዘላ ተነሳች። ባሏ ከምሳ በኋላ ለመቃም ከጓደኞቹ ጋር ከገባ እስከ ማታ አይመለስም፤ በዚያ በኩል ስጋት የለም። ስጋቱ ነርሷ ናት። በለጡን ወርቅዬ ብላ ታውቃታለች፣ እንግዲህ የቤቱ እመቤት በለጡ ካልሆነች ፍልውሃው ቀረ። ምሳቸውን በሉ። በለጡ የሰማችውን አልተናገረችም፣ ወርቅዬም ያለችውን አልተናገረችም። ሩዙ ሲያልቅ ወርቅዬ ቀና አለችና «አንቺ እኔን ሁኚ። እኔ አንቺን እሆናለሁ» አለች። «አንድ ሰዓት አይደል? አንቺን መሆን ምን ይከብዳል!» አምባሮቿን አውልቃ በበለጡ ክንድ ላይ አጠለቀች፤ ሁለቱ አልገባ ብለው በሳሙና ገቡ። የበለጡ የቤት ቀሚስ ለደረቷ አልበቃ ብሎ በመርፌ ቁልፍ ያዘችው፣ ሻሿንም እስከ ቅንድቧ ድረስ አሰረች። ለብሰው ሲያበቁ በመስታወቱ ፊት ቆመው ተያዩ። ለመሳቅ ማን መጀመር እንዳለበት አላወቁም፤ ስለዚህ አልሳቁም።

ኡሙልኸይር በሰዓቷ መጣች፣ አሥራ ዘጠኙን ደረጃ ቆጥራ። በለጡ ሶፋው ላይ ተቀበለቻት። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አቧራውን ያራገፈችው ሶፋ ላይ ስትቀመጥ የመጀመሪያዋ ነበር፤ መሃሉ ተሰርጉዶ እንደ ጉድጓድ ዋጣት፣ ሽቦውም ታፋዋን ጎሰማት። ለካ ወርቅዬ እውነቷን ነው፣ እዚህ ላይ የዋለ ሰው እንዴት ወገቡን አያመው! ስትል አዘነችላት። «ውሃ አምጪልን» አለች፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ ያፈረ ሰው እንደሚያደርገው። ከወጥ ቤት በኩል ቁም ሳጥን ሲከፈትና ሲዘጋ፣ ሲከፈትና ሲዘጋ ተሰማ። ወርቅዬ በገዛ ቤቷ ብርጭቆ የት እንደሚቀመጥ አታውቅም። ከብዙ ጊዜ በኋላ ውሃውን በሁለት የሻይ ስኒ ይዛ ወጣች። ነርሷ ስኒውን ተቀብላ ሴትዮዋን ከእግር እስከ ራስ አየቻት፤ አካሄዷን፣ እጇን ወገቧ ላይ መጫኗን፣ እያቃሰተች መቆሟን።

«ስምሽ ማነው?»

«በለጡ» አለች ወርቅዬ።

«በለጡ፣ ማዳምሽ የተማረችውን አስተምራሻለች?»

«ሁሉንም። በየሐሙሱ» አለች ወርቅዬ፤ ይሄ እንኳ ውሸት አልነበረም።

«እንግዲያ ያንን ጀሪካን አንስተሽ አሳይኝ።»

ጀሪካኑ ሃያ ሊትር ነው፣ እስከ አፉ ሞልቶ ከደረጃው ጫፍ ላይ ቆሟል። ወርቅዬ በለጡን አየቻት፣ በለጡ ደግሞ በአገጯ ወደ ጉልበቷ ጠቆመቻት፤ እጠፊው ማለቷ ነው። ወርቅዬ ግን ይህ ቤት ከተሠራ ጀምሮ ጀሪካን ሲነሳ ያየችው ከሶፋ ላይ ሆና፣ ከኋላ በኩል ነው። እግሯን ገጥማ፣ እንደ ከዘራ ታጥፋ፣ ጎተተችውና ለማንሳት ወደ ጎን ተጠመዘዘች። ወገቧ ቀጭ አለ። ውሃው ከፊሉ እግሯ ላይ፣ ከፊሉ የነርሷ ጫማ ላይ ፈሰሰ። ወርቅዬ ከንፈሯን ነክሳ ግድግዳውን ይዛ ቆመች፤ ዓይኗ እንባ ሞልቷል፣ ፍልውሃውን እያሰበች ግን ትንፍሽ አላለችም። ኡሙልኸይር መነጽሯን አወለቀች።

«ማዳም ወርቅዬ፣ ይቺን ሴት ስንት ዓመት ነው እንዲህ የምታሠሪያት?»

«አሥራ አንድ ዓመት» አለች በለጡ።

«ምንሽ ናት?»

«ዘመዴ።»

«ዘመድሽ!» አለች ነርሷ፣ ከዚያም ለተወሰነ ጊዜ በሱማሊኛ ብቻ ተናገረች። በአማርኛ ስትመለስ ክፍል ውስጥ እንደዚያ ያሞገሳት አንደበት ጠፍቶ ነበር። የራስን ወገብ እያስታመሙ በዘመድ ወገብ መኖር እንዴት ያለ ትምህርት ነው? ስድስት ሐሙስ የተማርሽው ለማን ነው? አታፍሪም? በለጡ አቀርቅራ ተሰደበች። አሥራ አንድ ዓመት ይህን ቃል የሚናገርላት ሰው ስትጠብቅ ኖራ፣ መጣና በራሷ ላይ ወረደ፤ እሷም በጉንጯ ላይ እውነተኛ እፍረት ሲሞቃት ተሰማት። «ልክ ነሽ ሲስተር፣ አጥፍቻለሁ» አለች። ግድግዳውን ይዛ የቆመችው ሴት ወደ ጣሪያው ታያለች።

በዚህ መሃል ነው ደላላዋ ሀኪማ ደረጃውን እያለከለከች የወጣችው፤ ወፍራም፣ ፈጣን፣ በሁለት እጇ ሁለት ስልክ የያዘች። «ወይዘሮ ወርቅዬ የትኛዋ ናት?» አለች። ነርሷ በለጡን አሳየቻት። ሀኪማ ማንም ሳይጋብዛት ተቀመጠችና የበለጡን ጉልበት መታ መታ እያደረገች ጀመረች፦ ያልሽኝን አግኝቻለሁ፣ ሃምሳ ኪሎ ሩዝ ከነከረጢቱ ብቻዋን ደረጃ የምታወጣ፣ አፍ የሌላት፣ ነገ ጠዋት ከባልባላ በመጀመሪያው ሚኒባስ አመጣታለሁ። ከዚያ ግድግዳው አጠገብ ያለችውን አየች። «ወገቧ አልቋል ያልሽኝ ይቺ ናት? ውይ፣ ታስታውቃለች። እንደ ተቆለመመ ሚስማር ሆናለች እኮ! ለክረምቱ አዲስ አበባ ወስጄ እተዋታለሁ አልሽ፣ ምን እስከዚያ ያቆይሻል?»

 ከተማው ጫት ገብቶለት ተኝቷል፣ ከታች አንዲት ፍየል ካርቶን ስታኝክ ይሰማል። ኡሙልኸይር በለጡን ታያለች፤ በለጡን እንዲህ አይቷት የሚያውቅ የለም፣ ሰው ሲያያት እንደ በርጩማ ነበር። ወርቅዬም ታያታለች። አፏ ተከፍቷል፣ አሁን ግን በለጡ ናት፤ በለጡ የምትባል ሴት እዚህ ቤት ውስጥ ሐሳብ ተጠይቃ አታውቅም። በለጡ ለሀኪማ እሺ ካለች ነገ ጠዋት በገዛ አፏ ራሷን ታስወጣለች። በለጡ ከተሰረጎደው ሶፋ ለመውጣት እንደተማረችው ወደ ጫፉ ተንፏቃ፣ እግሯን ተክላ ተነሳች፤ አምባሮቹ ተንሻሹ።

«አልፈልግም» አለች። «የኔዋ ትቆያለች።»

«በስልክ ያልሽው እኮ…»

«በስልክ ያልኩት ስቼ ነው። አንድ ሰው እኔን አገልግሎ ወገቡ ካለቀ፣ ያለቀው እኔ ቤት ነው። የትም አልሰዳትም።»

ሀኪማ እየተነጫነጨች ወረደች። ኡሙልኸይር ግን በቃል አልረካችም። ቅጹን አውጥታ ከወርቅዬ ስም በታች በራሷ እጅ ጻፈችበት፦ የቤቱ ሠራተኛ ከአሥር ኪሎ በላይ እንደማታነሳ፣ ጋዙን የቤቱ ወንድ እንደሚያወጣ፣ ቀትር ላይ እንደምታርፍ፣ ወገቧን አመማት ተብሎም እንደማትሰናበት። በለጡ «ወርቅዬ» ብላ ፈረመች፣ ያለ አንድ ስህተት። ወርቅዬ «በለጡ» ስለሆነችና በለጡ ደግሞ መጻፍ እንደማትችል ስለታሰበ፣ በአውራ ጣቷ ፈረመች። ነርሷ ወረቀቱን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። የሚቀጥሉትን አራት ሐሙሶች እየመጣች ቃሉ መጠበቁን ካየች በኋላ ማኅተም ታደርግበታለች፤ ያኔ ማዳም አዲስ አበባም ትሂድ ሌላ ቦታ፣ የእሷ ጉዳይ አይደለም። እርጥብ ጫማዋን እያንቋቋች ወጣች።

በሩ ሲዘጋ ወርቅዬ ግድግዳውን ተንተርሳ ቀስ ብላ ወለሉ ላይ ተዘረጋች። አሁን የምሯን አሟት ነበር፤ የዛሬው ሕመም ለማሳየት የሚሆን አይደለም፣ ላቧ ቀዝቅዟል። «በለጥዬ፣ ወገቤ ወልቋል» አለች። በለጡ ተንበርክካ እግሯን ነካካቻት፣ ጣቶችሽን አንቀሳቅሺ አለቻት፣ አንቀሳቀሰች። ደንዘዝ ይልሻል? አይለኝም። ሽንትሽንስ መቆጣጠር አቅቶሻል? «ምን ማለትሽ ነው!» አለች ወርቅዬ። «ጠይቁ ተብለናል» አለች በለጡ። እነዚህ ካልታዩ አትደንግጡ ተብለዋል፣ አልወለቀም፣ ጡንቻው ነው የተኮማተረው። ወንበር አመጣችና የወርቅዬን ሁለት እግር፣ ጉልበቷ ታጥፎ፣ ከወንበሩ ላይ አሳረፈችው፤ ከራሷ ሥር ትራስ አደረገች። ትንፋሽሽን በአፍንጫሽ ሳቢ አለቻት። ሳበች። ትንሽ ለቀቃት። ፍርሃቱ ሲቀልላት ግን ንዴቱ መጣ። «የኔዋ ትቆያለች! ማን ነሽና ነው አንቺ? ስልኬን አምጪ፣ ሀኪማን…» ስትል ደረጃው እንደገና ተንኳኳ። ሀኪማ ነርሷ እስክትርቅ ታች ጥላ ውስጥ ቆማ ጠብቃ ነው።

«ወይዘሮ ወርቅዬ፣ ያቺ ሴትዮ ስለነበረች ነው አይደል እንደዚያ ያልሽው? አሁን ሄዳለች፣ የልብሽን ንገሪኝ» ብላ ገባችና ወለሉን አየች። «ይኸውልሽ! ጭራሽ ተኝታልሻለች። ከነእግሯ ወንበር ላይ!»

«እኔ ነኝ ወርቅዬ!» ብላ ጮኸች ወርቅዬ ከወለሉ ላይ፣ በጠባቧ የቤት ቀሚስ፣ የመርፌ ቁልፉ ተከፍቶ። «ቤቱ የኔ ነው! የደወልኩልሽ እኔ ነኝ!»

ሀኪማ ከንፈሯን መጠጠች። በለጡን ወደ በሩ ሳብ አደረገቻትና ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ጭንቅላቷ ላይ ወጥቷል» አለች። «አይቻለሁ እንዲህ ዓይነት፤ ብዙ የሠሩ ጊዜ ቤቱ የኔ ነው ማለት ይጀምራሉ። ዛሬውኑ አስወጫት፣ ነገ ፍርድ ቤት ትገትርሻለች።»

በለጡ ወለሉ ላይ ያለችውን አየቻት። ወርቅዬ ራሷን ከትራሱ ቀና አድርጋለች፣ አንገቷ ላይ ያለው ሥር ቆሟል፤ ዓይኗ ግን አይቆጣም። ፈርቷል። በለጡ ያንን ፍርሃት ከጠዋት ጀምሮ ስትሸከመው ስለዋለች ወዲያው ለየችው።

«ወገቧን የታመመች ሴት ወዴት ትወጣለች?» አለች ለሀኪማ። «እዚሁ ናት። ልጅቷን ለሌላ ስጪ።»

«እንግዲያ ሁለተኛ እንዳትደውዪልኝ! ቁጥርሽን አጠፋሁት» ብላ ሀኪማ እዚያው በሩ ላይ ቆማ አጠፋችው፣ ወረደች። ወርቅዬ ራሷን መልሳ ትራሱ ላይ ጣለችው። በለጡም ወንበር ስባ አጠገቧ ተቀመጠች። ኋላ ላይ ወርቅዬ ጉሮሮዋን ጠረገች።

«አራት ሐሙስ ነው ያለችው?»

«አራት።»

«ጋዙን ዓብዱልጀሊል ያወጣል ብዬ ነው የፈረምኩት?»

«ብለሻል።»

«አያወጣም እሱ።»

«የተፈረመ ነው። አንቺ ትነግሪዋለሽ።»

ወርቅዬ ዓይኗን ጨፈነች። «በይ እግሬን አውርጂልኝና አንሺኝ፣ ሰለቸኝ።»

በለጡ የግድግዳውን ሰዓት አየች። «መነሳቱን ራስሽ ነሽ የምትነሽው፤ ወደ ጎን ትገለበጪና በክንድሽ ትደገፊያለሽ፣ አሳይሻለሁ» አለቻት። «አሁን ግን ተኚ። ሃያ ደቂቃ ነው የተባለው፣ ገና ስምንት ደቂቃሽ ነው።»